የቃል አቆራረጥ ደንብ ሲቀየር የቆየው ፋይል እንዳይናጋ፦ ለገጽ ቅንብር ሠራተኞችና ለሶፍትዌር አዘጋጆች የአሠራር መመሪያ

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ አንድ መጽሐፍ ታትሞ ከተሸጠ በኋላ ነገሩ በዚያው አያበቃም። የትምህርት ቤት ማጠናከሪያው፣ የዕድሩ መተዳደሪያ ደንብ፣ የመንዙማ መድበሉ ከዓመታት በኋላ «እንደገና ይታተምልን» ተብሎ ወደ ማተሚያ ቤቱ ይመለሳል። ያን ጊዜ ፋይሉን የሚከፍተው ሠራተኛም፣ ኮምፒውተሩም፣ ሶፍትዌሩም የቀድሞው ላይሆን ይችላል። ከሚቀየሩት ነገሮች ሁሉ ሳይታወቅ የሚያልፈውና ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ደግሞ በመስመር መጨረሻ ላይ ቃል የሚቆረጥበት ደንብ መለወጡ ነው።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ሶፍትዌሩን፣ ቴምፕሌቱን ወይም የመቁረጫ መዝገበ ቃላቱን ለሚያዘጋጁ ሰዎች ሲሆን፣ በተዘጋጀ ሶፍትዌር ብቻ ለሚሠሩ ማተሚያ ቤቶች የሚሆነው ክፍል ወደ መጨረሻው ተቀምጧል። የሥራው ሁሉ መሠረት አንድ ነው፦ አዲስ ደንብ ለአዲስ ፋይል ነው፤ የቆየ ፋይል በታተመበት ደንብ ይቀጥላል፤ የትኛው ደንብ እንደሚሠራበት የሚናገረውም ፋይሉ ራሱ እንጂ የተከፈተበት ኮምፒውተር መሆን የለበትም።

አንድ ቃል ገጽ የሚያናጋበት መንገድ

ጠባብ ዓምድ ባለው የጂኦግራፊ ማጠናከሪያ ውስጥ «ከደሴ ተነስቶ በሐይቅ በኩል ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ ወረባቦን በስተምሥራቅ ይተወዋል» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ እንበል። የቀድሞው ደንብ ከማንኛውም ፊደል በኋላ መቁረጥን ይፈቅድ ስለነበር ቃሉን «ወረባቦ-» ብሎ ቆርጦ «ን»ን ብቻዋን ወደ ታችኛው መስመር አውርዷታል። አዲሱ ደንብ በሁለቱም በኩል ቢያንስ ሁለት ፊደል እንዲቀር ያዛል፤ ስለዚህ «ወረባ-» ብሎ ቆርጦ «ቦን» ያወርዳል። ለዓይን አዲሱ ይሻላል። ነገር ግን ሁለት ፊደላት ወደ ታች ስለወረዱ «ይተወዋል» የሚለው ቃል በመስመሩ ውስጥ ቦታ አጥቶ ለብቻው አዲስ መስመር ይይዛል፤ አንቀጹ በአንድ መስመር ይረዝማል፤ የገጹ የመጨረሻ መስመር ወደሚቀጥለው ገጽ ይሻገራል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የምዕራፉ ክፍል በሙሉ ይንሸራተታል። መምህሩ «ገጽ 47 ላይ ያለውን ካርታ ተመልከቱ» ሲል አሮጌውን ቅጂ የያዘው ተማሪና አዲሱን የያዘው ተማሪ የሚያዩት ይለያያል።

ጉዳዩን የሚያከብደው ሌላ ነገርም አለ። እንደ ቴክ (TeX) እና እንደ ኢንዲዛይን (InDesign) ያሉ የገጽ ማቀናበሪያ ሶፍትዌሮች መስመርን አንድ በአንድ ሳይሆን አንቀጹን በሙሉ አመዛዝነው ያስተካክላሉ። በዚህ አሠራር በአምስተኛው መስመር ላይ አዲስ መቁረጫ ነጥብ ሲገኝ ከእርሱ በፊት የነበሩት መስመሮች ጭምር ሊለወጡ ይችላሉ። ስለዚህ «ከተቆረጠው ቃል በታች ያለውን ብቻ ልይ» ብሎ መፈተሽ አያስተማምንም።

ደረጃ 1፦ አሁን ያለውን ደንብ ለይተው ይጻፉ

ደንቡን ከመንካትዎ በፊት አሁን ምን እየሠራ እንደሆነ በወረቀት ያስፍሩት። «የቃል አቆራረጥ» በአንድ ስም ቢጠራም ውስጡ በርካታ የተለያዩ ነገሮች አሉት። የመጀመሪያው አንቀጹ የትኛው ቋንቋ ተብሎ እንደተመዘገበ ነው፤ አማርኛው «እንግሊዝኛ» ተብሎ የተቀመጠባቸው ፋይሎች ብዙ ናቸው። ሁለተኛው መቁረጫ ነጥቦችን የሚያሳየው የፓተርን ፋይል (ቃል በየትኞቹ ፊደላት መካከል ሊቆረጥ እንደሚችል የሚናገሩ አጫጭር የፊደል ቅንጅቶች ዝርዝር) ወይም መዝገበ ቃላት ነው። ሦስተኛው የቁጥር ገደብ ነው፦ ከቃሉ መጀመሪያና መጨረሻ ስንት ፊደል መቅረት አለበት፣ ስንት ተከታታይ መስመር በጭረት ሊያልቅ ይችላል የሚለው። ቴክ ለእንግሊዝኛ ከመጀመሪያው 2፣ ከመጨረሻው 3 ፊደል እንዲቀር ያደርጋል፤ የእኛ አንድ ፊደል ግን ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ስለሚይዝ ያንኑ ቁጥር እንዳለ መውሰድ ተገቢ አይደለም።

አራተኛው ነገር፣ ማለትም የተቆረጠው ቃል ጭረት ይደረግበታል ወይስ አይደረግበትም የሚለው፣ በእኛ ፊደል ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሐይቅ እስጢፋኖስ፣ በግሸንና በላሊበላ ባሉት የብራና መጻሕፍት ጸሐፊው መስመሩ በሞላበት ቦታ ቃሉን ከየትኛውም ፊደል በኋላ ቆርጦ ያለ ምንም ጭረት ወደ ታች ይወርዳል። ይህም አንባቢን አያደናግርም፤ ምክንያቱም ቃልን ከቃል የሚለየው ሁለት ነጥብ ስለሆነ፣ ሁለት ነጥብ እስካልመጣ ድረስ ቃሉ እንዳላለቀ ይታወቃል። በዛሬው ኅትመት ግን ቃላት የሚለዩት በባዶ ቦታ ሲሆን የመስመር መጨረሻም ራሱ ባዶ ቦታ ነው፤ ጭረት ከሌለ አንባቢው ቃሉ ማለቁን ወይም መቀጠሉን የሚያውቅበት ምልክት የለውም። ሁለቱም ልማዶች በየቦታቸው ትክክል ናቸው። ስለዚህ ሶፍትዌርዎ «ለአማርኛ ጭረት አለ» ወይም «የለም» ብሎ ለሁሉም በአንድ ቃል ከመወሰን ይልቅ፣ ሁለት ነጥብ ለሚጠቀም ጽሑፍና በባዶ ቦታ ለሚለይ ጽሑፍ የተለያየ ምርጫ ይስጥ። በሁለቱም ሁኔታ ሁለት ነጥብ መስመር መጀመር የለበትም፤ እንደ ፲፱፻፷፮ ያለ የግዕዝ ቁጥርም ለሁለት መከፈል የለበትም።

አምስተኛው በእጅ የገቡ ምልክቶች ናቸው፤ እነርሱን በደረጃ 5 እንመለስባቸዋለን።

ደረጃ 2፦ የመፈተኛ ፋይሎችን ሰብስበው ያስቀምጡ

ለሙከራ ተብሎ የተጻፈ ጽሑፍ በቂ አይደለም፤ እውነተኛ ሥራ ያስፈልጋል። ባለ ሁለት ዓምድ የትምህርት መጽሐፍ፣ በሁለት ነጥብ የተጻፈ የግዕዝና የአማርኛ ጽሑፍ፣ አማርኛና አረብኛ ጎን ለጎን ያሉበት የመንዙማ መድበል፣ እንዲሁም ጠባብ ሠንጠረዥ ውስጥ የወረዳና የከተማ ስሞች የተደረደሩበት ሪፖርት ይኑርዎት። «ተሁለደሬ»፣ «ወረኢሉ»፣ «ለጋምቦ»፣ «መካነ ሰላም» የሚሉ ስሞች በጠባብ ሠንጠረዥ ውስጥ ደንቡን እስከ መጨረሻው ይፈትኑታል። የአረብኛው ክፍል ደግሞ በጭረት ስለማይቆረጥ፣ አዲሱ ደንብ ወደ እርሱ እንዳይሻገር የሚያረጋግጡበት ነው።

የእያንዳንዱን ፋይል ፒዲኤፍ በአሁኑ ሶፍትዌር ያውጡ፤ ከፒዲኤፉ ጋር ፎንቶቹን፣ የሶፍትዌሩን ቨርዥንና የመዝገበ ቃላቱን ቅጂ በአንድ ፎልደር ያስቀምጡና ከዚያ በኋላ ማንም እንዳይነካው ያድርጉ። ፎንቱ መካተቱ ግድ ነው፤ የፎንት ስፋት በጥቂቱ ቢለወጥ መስመሩ ስለሚለወጥ ጥፋቱ የደንቡ ይሁን የፎንቱ መለየት አይቻልም። የቴክ ፈጣሪ ዶናልድ ክኑት ከሶፍትዌሩ ጋር አብሮ የሚሄድ ከባድ የፍተሻ ፋይል አዘጋጅቶ፣ ያንን ፈተና ያላለፈ ፕሮግራም «ቴክ» ተብሎ እንዳይጠራ ወስኗል። እንደ እርሱ ሰፊ ባይሆንም ለእኛም ተመሳሳይ መለኪያ ያስፈልገናል።

ደረጃ 3፦ ለደንቡ ቁጥር ይስጡት፣ ቁጥሩንም ፋይሉ ውስጥ ይጻፉት

የእኔ ጽኑ እምነት ከሁሉም ደረጃዎች ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህ መቅረት የለበትም የሚል ነው። እስካሁን ሲሠራበት የቆየው «ደንብ 1» ይባል፣ አዲሱ «ደንብ 2»። አዲስ ፋይል ሲከፈት ሶፍትዌሩ በፋይሉ ራስጌ ላይ «የአቆራረጥ ደንብ፦ 2» ብሎ ይመዝግብ። ምንም ቁጥር የሌለው ፋይል ሲመጣ ደግሞ ያለ ጥያቄ ደንብ 1 ይሥራበት፤ ቁጥር የሌለው ፋይል ቁጥር መስጠት ከመጀመሩ በፊት የተሠራ ነውና።

ይህ አሠራር አዲስ ፈጠራ አይደለም። ማይክሮሶፍት ወርድ በእያንዳንዱ ዶክመንት ውስጥ የትኛው ቨርዥን አሠራር እንደሚከተል የሚገልጽ ቁጥር ያስቀምጣል፤ የ2013 ቁጥር 15 ሲሆን፣ ከዚያ ያነሰ ቁጥር ያለው ፋይል ሲከፈት በርዕሱ ላይ በተኳኋኝነት ሁነታ እንደተከፈተ ያሳያል። በቴክ ላይ የተመሠረተው ላቴክም (LaTeX) እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ተጠቃሚው በፋይሉ መጀመሪያ ላይ ቀን ጽፎ «በዚያ ቀን በነበረው አሠራር ሥራልኝ» ማለት የሚችልበትን መንገድ አበጅቷል።

ሦስት ነገሮችን ይጠንቀቁ። ደንቡን ከፋይሉ የተቀመጠበት ቀን ለመገመት አይሞክሩ፤ ፋይል በፍላሽ ሲገለበጥ ወይም በቴሌግራም ሲላክ ቀኑ ሊለወጥ ይችላል። ምርጫውን በኮምፒውተሩ ሴቲንግ ውስጥም አያስቀምጡት፤ ደሴ ላይ የተቀናበረ መጽሐፍ አዲስ አበባ ሄዶ ሲታተም ሴቲንጉ አብሮት አይሄድም። ሶፍትዌሩ የማያውቀውን ከፍ ያለ ቁጥር ሲያገኝ ደግሞ ዝም ብሎ በራሱ ደንብ አይክፈተው፤ ለተጠቃሚው ያስታውቅና በቅጂ ካልሆነ በቀር በላዩ ላይ ማስቀመጥን ይከልክል።

ደረጃ 4፦ አሮጌውን የፓተርን ፋይል አይንኩት፤ አዲሱን በሌላ ስም ይጨምሩ

ስሕተት ያለበትን ፓተርን እዚያው ማረም በጣም የሚያጓጓ ነገር ነው። ነገር ግን እርማትም ለውጥ ነው፤ አንባቢው «የታረመ» እና «የተበላሸ» ብሎ ሳይለይ ገጹ መንሸራተቱን ብቻ ያያል። በዚህ ረገድ የእንግሊዝኛው ታሪክ ትልቅ ትምህርት ይሰጠናል። ፍራንክ ሊያንግ በስታንፎርድ ባዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ1983 ባቀረበው ጥናት ላይ የተመሠረተው የቴክ እንግሊዝኛ ፋይል 4,447 ፓተርኖችና 14 ልዩ ቃላት (አቆራረጣቸው ለብቻቸው የተጻፈላቸው ቃላት) አሉት። ይህ ፋይል ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ቃላትን በተሳሳተ ቦታ እንደሚቆርጥ ቢታወቅም አልተነካም። የተገኙት ስሕተቶች ለብቻቸው በልዩ ቃላት ዝርዝር ተሰብስበው ይወጣሉ፤ የፈለገ ዝርዝሩን ወደ ፋይሉ ይጨምራል፣ ያልጨመረ ደግሞ የቀድሞው ውጤት አይለወጥበትም።

የጀርመንኛው ሁኔታ ከዚህም ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1996 የተወሰነው የአጻጻፍ ማሻሻያ የመቁረጫ ደንቡን ራሱን ቀየረው፤ ቀድሞ የማይለያዩት ኤስ እና ቲ እንዲለያዩ ተፈቀደ፣ ሲኬ የሚለው ጥምር ሲቆረጥ ወደ ኬኬ መለወጡም ቀረ። የቴክ ባለሙያዎች ለአሮጌውና ለአዲሱ አጻጻፍ የተለያየ የቋንቋ ስም ሰጡ። የተሻሻሉ ፓተርኖች ሲመጡም ለቆየው የቴክ ዓይነት ለፒዲኤፍቴክ (pdfTeX) ነባሩን ፋይል ትተው፣ አዲሶቹን ለኋለኞቹ ለዚቴክ (XeTeX) እና ለሉዋቴክ (LuaTeX) አደረጉ፤ አዲሱን በፒዲኤፍቴክ የሚፈልግ ሰው ራሱ ጠይቆ ያስገባዋል።

ለእኛ ይህ ማለት «አማርኛ» የሚለው ስም ለዘለዓለም ወደ ነባሩ ፋይል ያመላክታል፣ አዲሱ ፋይል ደግሞ በስሙ ውስጥ ዓመት ወይም ቁጥር ይይዛል ማለት ነው። በቴክ ለግዕዝ ፊደል የተዘጋጀው ፓተርን አማርኛንና ግዕዝን በአንድ ፋይል እንደሚያስተናግድ አይዘንጉ፤ ለአማርኛ ብለው እዚያ ውስጥ የሚያስገቡት ማሻሻያ የግዕዙን መጽሐፍም ይነካል። ሁለቱን በአዲሱ ደንብ መለየት ካስፈለገ ከመጀመሪያው ይለዩዋቸው።

ደረጃ 5፦ በእጅ የገቡ ምልክቶችንና ልዩ ቃላትን ይጠብቁ

ልምድ ያለው ሠራተኛ መስመሩ ሲከፋበት በቃሉ መካከል በእጁ የተሰወረ ጭረት ያስገባል፤ ይህ ምልክት ቃሉ መስመር መጨረሻ ላይ ካልዋለ አይታይም። በቴክም ሆነ በኢንዲዛይን እንዲህ ያለ ምልክት የገባበት ቃል በሌላ ቦታ አይቆረጥም። አዲሱ ደንብ ይህንን ውሳኔ ማክበር አለበት፤ ሠራተኛው «ወረኢሉ»ን ከ«ወረ» በኋላ ብቻ እንዲቆረጥ ከወሰነ፣ አዲሱ ፓተርን የተሻለ ያገኘሁ መስሎኛል ብሎ ሊሽረው አይገባም።

አዲሱ ደንብ ያለ ጭረት የሚቆርጥ ከሆነ ደግሞ አንድ ውሳኔ ይጠብቅዎታል፦ በእጅ የገባው የተሰወረ ጭረት ሲቆረጥ ጭረቱ ይታይ ወይስ ይቅር? እንደ እኔ አስተያየት ይታይ። ሰውየው ያስገባው ጭረት ነውና። የማይታይ መቁረጫ ለሚፈልግ ዜሮ ስፋት ያለው ባዶ ቦታ አለ፤ ነገር ግን የቆየውን ምልክት በእርሱ በጅምላ መተካት አይገባም፤ በቃሉ መካከል ስለሚቀመጥ በፍለጋ ጊዜ ቃሉ እንዳይገኝ ሊያደርግ ይችላል።

የልዩ ቃላት ዝርዝርም እንደ ደንብ ቁጥሩ ከፋይሉ ጋር መሄድ አለበት። በኢንዲዛይን የተጠቃሚውን መዝገበ ቃላት ከዶክመንቱ ጋር ማዋሐድ የሚያስችል ምርጫ በፕሪፈረንስ የዲክሽነሪ ክፍል ውስጥ አለ፤ ይህ ካልተደረገ በአንዱ ኮምፒውተር በትክክል የተቆረጠው «ተሁለደሬ» በሌላው ኮምፒውተር ሌላ ቦታ ይቆረጣል።

ደረጃ 6፦ ከዩኒኮድ በፊት የተጻፉትን ለብቻ ያስተናግዱ

የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ የጋራ ኮድ ወደሚሰጠው መለኪያ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን በቀድሞዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ብዙ ተጽፏል። በእነዚህ ፋይሎች ውስጥ ያለው ኮድ በውስጡ የላቲን ፊደል ነው፤ ስለዚህ የእንግሊዝኛ አቆራረጥ ቢበራባቸው ሶፍትዌሩ አማርኛውን እንደ እንግሊዝኛ ቃል ቆጥሮ፣ አንዱን ፊደል ከቅጥያ ምልክቱ ነጥሎ ሊቆርጠው ይችላል። ሶፍትዌርዎ ፎንቱን አይቶ ለእነዚህ አንቀጾች አውቶማቲክ መቁረጥን ያጥፋ። ወደ ዩኒኮድ ሲቀየሩ እንደ አዲስ ፋይል ይቆጠሩና ደንብ 2 ይሰጣቸው፤ ፎንታቸው ስለተለወጠ የቀድሞውን ገጽ መጠበቅ ከእንግዲህ አይቻልም።

ደረጃ 7፦ ያነጻጽሩ

በደረጃ 2 ያስቀመጧቸውን ፋይሎች በአዲሱ ሶፍትዌር ከፍተው ፒዲኤፍ ያውጡ። በደንብ 1 የሚሠሩት ፋይሎች ላይ የሚፈቀደው ልዩነት ዜሮ ነው፤ «አንድ መስመር ብቻ ነው» የሚባል ነገር የለም። ፍተሻውን ከትልቁ ወደ ትንሹ ያድርጉት፦ በቅድሚያ የገጽ ብዛት፣ ቀጥሎ የእያንዳንዱ ገጽ የመጨረሻ ቃል፣ በመጨረሻ የእያንዳንዱ መስመር የመጨረሻ ቃል። ይህንን ለኮምፒውተር መስጠት ይቻላል፤ ጽሑፉን የመስመር አወራረዱን እንደጠበቀ ከሁለቱም ፒዲኤፎች አውጥተው ፋይሎቹን መስመር በመስመር ማስተያየት ነው። ልዩነት የታየበትን ገጽ ግን አትመው በዓይን ማየት አይቅር፤ የአሮጌውንና የአዲሱን ወረቀት አነባብረው መስኮት ላይ ቢይዙት የተንሸራተተው መስመር ወዲያውኑ ድርብ ሆኖ ይታያል።

በደንብ 2 የተሠሩት ላይ ልዩነት መኖሩ የታሰበ ነው። እዚያ የሚፈለገው ብቻዋን የወረደች ፊደል፣ የተከፈለ ቁጥር፣ መስመር የጀመረ ሁለት ነጥብ፣ በተከታታይ በጭረት ያለቁ መስመሮችና የተቆረጠ አረብኛ ነው።

ደረጃ 8፦ ወደ አዲሱ ደንብ መሻገር በባለቤቱ ፈቃድ ብቻ ይሁን

የቆየ ፋይል ሲከፈት «ወደ አዲሱ ደንብ ልቀይረው?» የሚል ጥያቄ በየጊዜው አያውጡ፤ ሥራ የበዛበት ሰው ሳያነብ «እሺ» ይላል። ምርጫው በሜኑ ውስጥ ይቀመጥ፤ ሲመረጥም ሶፍትዌሩ ቅጂ ይፍጠርና የተለወጡትን ገጾች ዝርዝር ያቅርብ። ከዚያ በኋላ ማውጫውና የቃላት ጠቋሚው እንደገና መሠራት አለባቸው። በእጅ የተጻፈ «ገጽ 112ን ይመልከቱ» የሚል ማጣቀሻ ካለ ሶፍትዌሩ አያርመውምና ሰው ይፈልገው።

መጽሐፉ በአዲስ እትም የሚወጣ ከሆነ መሻገር ይቻላል። የቀድሞው እትም ድጋሚ ኅትመት ከሆነ ግን አይሻገሩ፤ በተለይ የተበላሸ አንድ እጥፋት ወረቀት ብቻ፣ ለምሳሌ 16 ገጽ፣ እንደገና ታትሞ ከነባሩ ጋር የሚጠረዝ ከሆነ፣ የእጥፋቱ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቃል ከጎረቤቶቹ ጋር ካልገጠመ መጽሐፉ ይበላሻል።

ሶፍትዌሩ የእርስዎ ካልሆነ

ብዙዎቹ የደሴና የወልድያ ማተሚያ ቤቶች ሶፍትዌር አይሠሩም፤ የሚመጣውን አፕዴት ይቀበላሉ። እንግዲያውስ አንድ መጽሐፍ ተጀምሮ ፊልሙ ወይም ፕሌቱ እስኪወጣ ድረስ አፕዴት አያድርጉ። አስቸኳይ ከሆነ ከሁለት ኮምፒውተሮች በአንዱ ላይ ብቻ ያድርጉ።

በኢንዲዛይን የቆየ ፋይል በአዲስ ቨርዥን ሲከፈት ጽሑፉ ካልተነካ መስመሮቹ ብዙውን ጊዜ እንደነበሩ ይቆያሉ፤ አንድ ቃል ሲያርሙ ግን አንቀጹ በአዲሱ ደንብ እንደገና ይሠራል። ይህ አዘናጊ ነው፤ ሲከፈት ደህና የነበረው ገጽ ከእርማት በኋላ ይንሸራተታል። ስለዚህ በመጀመሪያ ቅጂ ይፍጠሩ፤ በቅጂው ላይ ኮንትሮልን፣ ኦልትንና / የሚለውን ቁልፍ አንድ ላይ ተጭነው ጽሑፉ በሙሉ እንደገና እንዲሠራ ያድርጉና ከአሮጌው ፒዲኤፍ ጋር ያነጻጽሩ። ገጹ ከተለወጠ፣ እርማት የማያስፈልጋቸውን ገጾች ከአሮጌው ፒዲኤፍ ወስደው፣ የታረሙትን አንቀጾች ብቻ በእጅ በገባ ጭረት ወደ ቀድሞ መስመራቸው ይመልሱ።

ሥራው ሲያልቅ ለደንበኛው ፒዲኤፉን፣ ለራስዎ ደግሞ ፋይሉን ከፎንቱና ከመዝገበ ቃላቱ ጋር ጠቅልለው ያስቀምጡ። በፎልደሩ ውስጥ የሶፍትዌሩን ስምና ቨርዥን፣ የአንቀጹን ቋንቋ፣ የሁለቱን ወገን የፊደል ገደብና ጭረት መኖር አለመኖሩን የሚገልጽ አጭር የጽሑፍ ፋይል ይጨምሩ፤ ከዓመታት በኋላ ፎልደሩን የሚከፍተው ሠራተኛ ከእርስዎ ጋር ተገናኝቶ የማያውቅ ሊሆን ስለሚችል ማብራሪያው ያለ ጥያቄ የሚገባ ይሁን።